የወንድና የሴት ልጆችን የአንጎል እድገት በኤምአርአይ ማጥናት፦ ከጥያቄው እስከ ስሌቱ

በ2007 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 27 ዓመት የሆኑ 387 ሰዎችን በ829 የኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሚነሱ) ምስሎች ተከታትለው ያገኙትን አወጡ። ጠቅላላው የአንጎል ይዘት (የሚይዘው ቦታ መጠን) በሴቶች 10.5 ዓመት ላይ፣ በወንዶች ደግሞ 14.5 ዓመት ላይ ጣሪያው ይደርሳል አሉ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ «ሴቶች በአራት ዓመት ቀድመው ይበስላሉ» ተብሎ ይወራል። ጥናቱ ግን የለካው ይዘትን እንጂ ብስለትን አይደለም። ደግሞም ጣሪያ የሚባለው ዕድሜ የሚወጣው ከአንጎሉ ብቻ አይደለም፤ በመረጃው ላይ የተሳለው ኩርባ ዓይነትና የተካተተው የዕድሜ ክልልም ይወስኑታል። ኩርባው በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ (አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ቅስት) ከሆነ ዳርና ዳር ያሉት ዕድሜዎች መሃል ያለውን ጫፍ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችንና 123,984 ምስሎችን ያሰባሰበው የ2022ቱ የአንጎል እድገት ሰንጠረዥ በበኩሉ የቅርፊቱን (የአንጎሉን የውጭ ንብር) ግራጫ ክፍል ጣሪያ 5.9 ዓመት፣ የነጩን ክፍል (የነርቭ ክሮቹን) ደግሞ 28.7 ዓመት ላይ አስቀምጦታል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለራዲዮሎጂና ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንዲሁም መረጃ መተንተን ለሚችሉ ሰዎች ነው። ዋናው ሐሳቡ አንድ ነው። በወንድና በሴት ልጆች ምስል መካከል የሚታይ ልዩነት «የጾታ ልዩነት» ከመባሉ በፊት የራስ መጠን፣ የጉርምስና ጊዜና ማሽኑ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴ ተለይተው መውጣት አለባቸው። ሦስቱም ከጾታ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ ሦስቱም ምስሉ ላይ ልዩነት ይፈጥራሉ። ከዚህ በታች የምንጠቀምበት ምሳሌ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የቅርፊት ውፍረትና የአሚግዳላ (ከስሜት ጋር የሚያያዝ የአንጎል ውስጣዊ ክፍል) ይዘት በምን ፍጥነት እንደሚለወጡ ማነጻጸር ነው።

ጥያቄውን አጥብቡ

«የወንድና የሴት አንጎል ይለያያል ወይ?» የሚለው በምስል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። በውስጡ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። በአንድ ዕድሜ ላይ አማካዩ ይለያያል? የለውጡ ፍጥነት ይለያያል? ለውጡ የሚጀምርበት ወይም የሚያቆምበት ጊዜ ይለያያል? በአንዱ ጾታ ውስጥ ያለው መበታተን ከሌላው ይሰፋል? እድገትን የሚመለከቱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ለእነዚህ ደግሞ ከአንድ ልጅ ቢያንስ ሁለት ምስል ያስፈልጋል፤ ኩርባ ለመሳል ሦስት። የ9 ዓመት ልጆችን ከሌሎች የ14 ዓመት ልጆች ጋር በአንድ ጊዜ ማነጻጸር የዕድሜን ልዩነት ያሳያል እንጂ የአንድን ልጅ ለውጥ አያሳይም።

የምትለኩትን ነገርም ለዩ። የቅርፊት ይዘት የስፋትና የውፍረት ብዜት ነው። ስፋት ከራስ መጠን ጋር በጥብቅ ይያያዛል፤ ውፍረት ግን ግንኙነቱ ደካማ ነው። ይዘትን ብቻ የለካ ጥናት «ወንዶች ይበልጣሉ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ስፋት፣ በእሱም በኩል ስለ ራስ መጠን ነው። ስለዚህ ስፋትና ውፍረትን ለየብቻ አቅርቡ።

በመረጃ ሰንጠረዣችሁ ላይ ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይኑሩ፦ ሲወለዱ የተመዘገበ ጾታ፣ ልጁ ወይም ልጅቷ ስለ ራሳቸው የሚሉት ሥርዓተ ጾታ፣ እና የጉርምስና ደረጃ። በ2024 የአሜሪካ ልጆችን መረጃ የተጠቀመ ጥናት ጾታና ሥርዓተ ጾታ በአብዛኛው ከተለያዩ የአንጎል መረቦች ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ውጤቱን ያበላሻል።

መላምቱን፣ የምትመለከቷቸውን የአንጎል ክፍሎች፣ ምስል የምትጥሉበትን መስፈርትና የስሌቱን ቀመር መረጃውን ሳትከፍቱ በፊት ጽፋችሁ አስመዝግቡ። ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይቻላል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ 68 የቅርፊት ክፍሎችን ከገመገሙ በኋላ ያማረውን መርጦ መላምት መጻፍ በዚህ ዘርፍ ብዙ የማይደገሙ ውጤቶችን አፍርቷል።

የልጆቹ ብዛት

ስሌቱ ጨካኝ ነው። በሁለት ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት 0.8 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የመበታተን መለኪያ) ከሆነ በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 26 ልጅ ይበቃል። ልዩነቱ 0.5 ከሆነ 64፣ 0.2 ከሆነ 393፣ 0.1 ከሆነ ደግሞ ወደ 1,570 ልጅ በየቡድኑ ያስፈልጋል። የራስ መጠን ከተስተካከለ በኋላ የሚቀሩት የጾታ ልዩነቶች አብዛኞቹ ከ0.2 በታች ናቸው። በጾታዎች መካከል የፍጥነት ልዩነት መፈለግ ደግሞ መስተጋብር (የዕድሜ ውጤት በጾታ መለያየቱን) መፈለግ ስለሆነ ከዚህም በላይ ይጠይቃል። በ20 ወንድና በ20 ሴት ልጅ ተሠርቶ «ጉልህ ልዩነት ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ፣ ያን ያህል ትንሽ ናሙና ጉልህ የሚለው በአጋጣሚ የተጋነነውን ልዩነት ብቻ መሆኑን አስቡ።

ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው፤ የራሳችሁን ምስል ከማንሳታችሁ በፊት ሌሎች ያነሱትን ተጠቀሙ። ለምሳሌያችን የሚመጥነው ትልቁ ምንጭ በአሜሪካ 21 ማዕከላት የሚካሄደው ኤቢሲዲ የሚባለው የጎረምሶች የአንጎልና የግንዛቤ እድገት ጥናት ነው። ከ2016 ጀምሮ ወደ 11,880 ገደማ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን መዝግቦ በየዓመቱ ይገመግማል፤ ምስል ግን በየሁለት ዓመቱ ያነሳል። መረጃውን ለማግኘት የአጠቃቀም ስምምነት መሙላት ያስፈልጋል፤ ስምምነቱ በግለሰብ ስም ብቻ አይቀርብም፣ የተቋማችሁ ባለ ሥልጣን ፊርማ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ ማን እንደሚፈርም ቀድማችሁ አጣሩ፤ ሥራው የሚጓተተው እዚህ ላይ ነው።

ሌሎችም አሉ። የፊላደልፊያው ስብስብ ከ8 እስከ 21 ዓመት የሆኑ 1,601 ልጆችና ወጣቶችን በአንድ ባለ 3 ቴስላ (የመግነጢስ ጥንካሬ መለኪያ) ማሽን አንስቷል፤ አንድ ማሽን መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። የሂዩማን ኮኔክቶም ፕሮጀክት የእድገት ክፍል ከ5 እስከ 21 ዓመት ያሉትን በ0.8 ሚሊ ሜትር ዝርዝር ያቀርባል። በኒው ዮርክ የሚሠራው ሄልዚ ብሬይን ኔትወርክም ከ5 እስከ 21 ዓመት ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ልጆች የሚመጡት ወላጆቻቸው ስለ ባህሪ ወይም ትምህርት ስጋት ስላላቸው ነውና የጤናማ ልጆች አማካይ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ለመጀመሪያ ሥራ ጥሬውን ምስል ማውረድ አያስፈልግም። ኤቢሲዲ የእያንዳንዱን ክፍል ውፍረት፣ ስፋትና ይዘት አስልቶ በሰንጠረዥ ያቀርባል፤ ያ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። ጥሬው ምስል ግን ቴራባይቶች ነው፤ ፍሪሰርፈር በሚባለው፣ ምስልን ወደ ልኬት በሚቀይረው ፕሮግራም የተሠራ የአንድ ምስል ውጤት ብቻውን 300 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል።

የራሳችሁን ምስል የምታነሱ ከሆነ

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ ሦስቱም ይያዙ። ልጁ በመሃል «በቃኝ» ቢል ወዲያው ይወጣል፤ ይህን ከመጀመሪያው ንገሩት። ምስሉ ላይ ያልተጠበቀ ሕመም ቢታይ የትኛው ራዲዮሎጂስት አይቶ ለማን እንደሚያሳውቅም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ብረት ማጣራት ከሴት ልጆች ጋር ረዘም ያለ ሥራ ነው፤ ይህን ያልገመተ ቡድን በችኮላ ሴቶቹን ብቻ ያስጨንቃል። የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ማስያዣ ብረት፣ በብረት የተሰካ ዊግ፣ የጡት መያዣ ማያያዣ ሁሉ ይውጣ። ከዓይን ኩልና ከማስካራ አንዳንዶቹ የብረት ቅንጣት ስላላቸው በዓይን ዙሪያ ምስሉን ያዛባሉ፤ በዋዜማው ስልክ ደውላችሁ ሳይቀቡ እንዲመጡ ንገሩ። ወፍራም ሹሩባ ወይም በአናት ላይ የተጠቀለለ ጸጉር ራስን በኮይሉ (ራስ በሚገባበት የማሽኑ ክፍል) ውስጥ ወደ ፊት ስለሚገፋ አቀማመጡ ይጣመማል፤ ቤተሰቡ ከቀጠሮው በፊት ቢያውቅ ወደ ራስ ቅል የተጠጋ ሥሪት ይመርጣል። ሐበሻ ቤተሰቦችን ስትመዘግቡ ስለ ማተብም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክሩ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ የብረት መስቀል ካለበት ግን መውለቅ አለበት፤ ይህንንም በማሽኑ በር ላይ ሳይሆን እቤት ሳሉ መስማት አለባቸው። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያላቸውን ልጆች ለሌላ ጊዜ አቆዩ፤ ሽቦው በተለይ የግንባሩንና የቴምፖራሉን (በጆሮ በኩል ያለውን) የአንጎል ክፍል ታች በፈጣን ምስሎች ላይ ያጠፋዋል።

በማለማመጃ ማሽን (ምስል በማያነሳ አምሳያ) ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ማለማመድ ከማናቸውም የኋላ ስሌት ይበልጣል። የማለማመጃ ማሽን ከሌለ የማሽኑን ድምፅ በድምፅ ማጉያ አሰሙ፣ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አስተኙ፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ «ሲወጠር ይሰማሃል፤ እንዳይወጠር ተጠንቀቅ» በሉት። ራሱን በስፖንጅ ግራና ቀኝ ደግፉ። የመዋቅር ምስል ሲነሳ ፊልም አሳዩ፤ በዕረፍት ጊዜ የሚነሳው ተግባራዊ (የአንጎሉን ሥራ የሚያሳይ) ምስል ላይ ግን ፊልም ማየትና መስቀል ምልክት ላይ ማተኮር የተለያየ ውጤት ስለሚሰጥ ለሁሉም ልጅ አንዱን ብቻ ምረጡ።

ልኬቱን በተመለከተ የኤቢሲዲ አሠራር ጥሩ መነሻ ነው። ማሽኑ 3 ቴስላ ነው፤ የመዋቅር ምስሉ በየአቅጣጫው 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ በእንቅስቃሴ ጊዜ ራሱን የሚያስተካክል ነው። የስርጭት ምስሉ (በአንጎል ውስጥ የውኃን እንቅስቃሴ የሚያሳየው) 1.7 ሚሊ ሜትርና 96 አቅጣጫ አለው። ተግባራዊው ምስል 2.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየ800 ሚሊ ሰከንዱ ይደገማል። የዕረፍት ጊዜው 20 ደቂቃ በአራት ተከፍሎ ነው። ልጅ ሲሰለች መነቃነቅ ስለሚጀምር የመዋቅር ምስሉን መጀመሪያ አካባቢ አንሱ፤ ከተበላሸም እዚያው ድገሙት።

አንድ ነገር በጥብቅ ጠብቁ፤ ወንዶችንና ሴቶችን እያቀላቀላችሁ አንሱ። መጀመሪያ ሴቶቹ ተነሥተው አልቀው፣ ማሽኑ ሶፍትዌሩ ታድሶ፣ ከዚያ ወንዶቹ ቢነሱ የማሽኑ ለውጥ የጾታ ልዩነት መስሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማንም ስታቲስቲክስ አይለያቸውም። ሰዓቱንም አመጣጥኑ፤ የአንጎል ይዘት ጠዋትና ማታ በጥቂቱ ይለያያል፣ ምራቅ ላይ የሚለካው ቴስቶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ጠዋት ከፍ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል።

ጉርምስናን መለካት

ሴት ልጆች ለአቅመ ሔዋን መድረስ የሚጀምሩት ወንዶች ለአቅመ አዳም ከመድረሳቸው በአማካይ ከ1 እስከ 2 ዓመት ቀድመው ነው። ስለዚህ የ11 ዓመት ወንድና ሴትን ስታነጻጽሩ ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ የሰውነታቸው ደረጃ ግን አይደለም። በደረጃ ብታመሳስሏቸው ደግሞ ዕድሜያቸው ይለያያል፤ በእርግጥም ከዚህ ማምለጫ የለም። የሚያዋጣው ሁለቱንም ማነጻጸር ሠርቶ ጎን ለጎን ማቅረብና በተጨማሪ በየጾታው ውስጥ «ከእኩዮቹ ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ አንጎሉ ይለያል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ወንድን ከሴት ስለማያነጻጽር በራስ መጠን አይበከልም፤ በእኛ ግምት ስለ ሆርሞን ሥራ የተሻለውን መረጃ የሚሰጠውም እሱ ነው።

ቀላሉ መለኪያ አምስት ጥያቄዎች ያሉት የጉርምስና መጠይቅ ነው። ሦስቱ ለሁለቱም ጾታ አንድ ናቸው፦ የቁመት መመዘዝ፣ የሰውነት ጸጉር፣ የቆዳ ለውጥ። ለወንዶች የድምፅ መጎርነንና የፊት ጸጉር፣ ለሴቶች የጡት ማደግና የወር አበባ ይጨመራሉ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ የወር አበባ ግን ወይ 1 ነው ወይ 4፣ መሃል የለውም። የተለመደው ስህተት እዚህ አለ፤ የወንድ 12 እና የሴት 12 አንድ ነጥብ ናቸው ብሎ ድምሩን በአንድ ቀመር ማስገባት። የተለያዩ ጥያቄዎች የፈጠሩት ድምር አንድ መለኪያ አይሆንም። በየጾታው ለየብቻ ተጠቀሙበት ወይም ወደ ደረጃ ምድብ ቀይሩት።

መጠይቁን ወላጅም ልጅም ለየብቻ ይሙሉት። የወር አበባንና እርግዝናን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ወላጅ በሌለበት፣ በሴት ባለሙያ ይጠየቁ፤ መልሱ ለማን እንደሚነገርና እንደማይነገር ልጅቷ አስቀድማ ትወቅ።

ምራቅ የምትወስዱ ከሆነ ሰዓቱን፣ ልጁ የተነሣበትን ጊዜና የሚወስደውን መድኃኒት መዝግቡ። ኢስትራዲዮል የሚባለው ሆርሞን መጠን በጉርምስና መጀመሪያ ላይ በጣም አነስተኛ ስለሆነ የተለመዱት ኪቶች በአስተማማኝ አይለኩትም። ኤቢሲዲም ኢስትራዲዮልን የለካው በሴቶች ብቻ ነው፤ በዚያ መረጃ በዚህ ሆርሞን ሁለቱን ጾታዎች አነጻጽራለሁ ማለት አይቻልም።

ከምስል ወደ ቁጥር

ጥሬዎቹን ፋይሎች በዲሲኤም-ቱ-ኒክስ (የፋይል መለወጫ ፕሮግራም) ቀይሩ፣ ቢድስ በሚባለው የፋይል አደራደር አስቀምጡ፣ የምስል ጥራት የሚለካውን ኤምአርአይ-ኪውሲን አስኪዱ፣ ከዚያ ፍሪሰርፈር። ለተደጋጋሚ ምስል የፍሪሰርፈር የተከታታይ መንገድ ሦስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ይሠራል። ቀጥሎ የልጁ ምስሎች በሙሉ ተደምረው የልጁ የራሱ መሠረት ይወጣል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ምስል ከዚያ መሠረት ተነሥቶ እንደገና ይሠራል። ሦስተኛውን የሚዘሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ ግን ከልጁ ለውጥ ይልቅ የስሌት ንዝረት የሚበዛበት ይሆናል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ስሪትና አንድ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጠቀሙ፤ የስሪት ለውጥ ብቻውን ውፍረትን ይቀይራል።

እያንዳንዱን ውጤት በዓይን እዩ። የሚያየው ሰው ጾታውንም ዕድሜውንም አይወቅ። የቴምፖራሉ ክፍል ጫፍ ተቆርጦ እንደሆነ፣ የአንጎል ሽፋን እንደ ቅርፊት ተቆጥሮ እንደሆነ፣ የራስ ቅሉ አጥንት በትክክል ተወግዶ እንደሆነ ተመልከቱ። የኦይለር ቁጥር የሚባለው ፍሪሰርፈር የሚያወጣው መለኪያ ከዓይን ፍርድ ጋር በደንብ ስለሚስማማ ሺህ ምስሎች ሲኖሩ ለማጣራት ይረዳል።

ይህ ሁሉ ለ9 ዓመት ልጅ ይሠራል። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይ ግን አይሠራም፤ በ6 ወር አካባቢ ግራጫውና ነጩ ክፍል በምስሉ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ለሕፃናት የተዘጋጀ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

እንቅስቃሴ

ከሦስቱ አደናጋሪዎች በጣም የሚናቀው ይህ ነው። በጉርምስና ጊዜ ቅርፊት በዓመት 1 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ይህም ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛዎች ጥቂት ማለት ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ ቅርፊቱን ከእውነቱ ያሳሳዋል፣ ግራጫውን ክፍል ያሳንሰዋል፤ በዓይን ሲታይ ጥሩ የሚመስል ምስል ላይ እንኳ። በልጅነት ወንዶች ከሴቶች፣ ትንንሾች ከትልልቆች የበለጠ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ማንም ሳያስብበት ወንዶች «ቀጭን ቅርፊት» ይዘው ሊወጡ ይችላሉ፤ ከዕድሜ ጋር እየተረጋጉ ሲሄዱም የወንዶች እድገት ከሴቶች የተለየ አቅጣጫ ያለው ይመስላል።

ለተግባራዊ ምስል በየቅጽበቱ ያለውን መፈናቀል አስሉ፦ የስድስቱ የእንቅስቃሴ ልኬቶች ፍጹም ለውጥ ድምር፣ ማዞሪያዎቹ በ50 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ወደ ርቀት ተቀይረው። ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የተንቀሳቀሱ ቅጽበቶችን አውጡ፤ ከዚያ ቢያንስ 5 ደቂቃ ንጹሕ መረጃ ያልቀረለትን ልጅ አታካትቱ። በ800 ሚሊ ሰከንድ በሚደገም ምስል ላይ ትንፋሽ ራሱ እንደ ራስ እንቅስቃሴ ይቆጠራል፤ የትንፋሹን ድግግሞሽ በማጣሪያ ሳታወጡ 0.2ን ብትጠቀሙ ጥሩ መረጃ በከንቱ ትጥላላችሁ። ለመዋቅር ምስል ደግሞ የዚያው ልጅ ተግባራዊ ምስል አማካይ መፈናቀልን ወይም የኦይለር ቁጥርን በቀመሩ ውስጥ አስገቡ።

መጣልም የራሱ ዋጋ አለው። ብዙ የሚንቀሳቀሱት ልጆች መካከል የትኩረት ማነስ ችግር ያለባቸው ይበዛሉ፤ ይህ ችግር ደግሞ በወንዶች ላይ በብዛት ይመረመራል። በጥብቅ መስፈርት የቀሩት ወንዶች ከተመዘገቡት ወንዶች የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከማጣራቱ በፊትና በኋላ የልጆቹን ብዛት፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ገቢና የባህሪ ነጥብ በጾታ ከፍላችሁ በአንድ ሰንጠረዥ አሳዩ። መስፈርቱን ላላና ጠበቅ አድርጋችሁ ስሌቱን ድገሙ፤ ውጤቱ መስፈርቱን ተከትሎ ከዋዠቀ የያዛችሁት እንቅስቃሴን ነው።

የራስ መጠን

የአዋቂ ወንዶች አንጎል ከሴቶች በአማካይ 11 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ በልጅነትም ልዩነቱ አለ። አሚግዳላን ውሰዱ። ሳይስተካከል ሲለካ በወንዶች 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በ2017 የቀደሙትን ጥናቶች ያሰባሰበ ትንተና ግን የራስ መጠን ሲስተካከል ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ እንደማይቀር አሳይቷል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ስለ ወንድና ሴት ስሜት የተጻፈው ብዙ ነገር የተመሠረተው ባልተስተካከለው ቁጥር ላይ ነበር።

ለማስተካከል ቀላሉ መንገድ ክፍልፋይ ማስላት ነው፣ አሚግዳላን ለጠቅላላ የራስ ቅል ይዘት ማካፈል። አትጠቀሙበት። የአንጎል ክፍሎች ከጠቅላላው ጋር በእኩል መጠን አያድጉም። ክፍልፋይ ከወሰዳችሁ በትልቅ ራስ ላይ በዝግታ የሚያድግ ክፍል በወንዶች «አነስተኛ» ሆኖ ይወጣል፤ ማለትም ማስተካከያው ራሱ ተቃራኒ የጾታ ልዩነት ይፈጥራል። ይልቁንም ጠቅላላውን ይዘት በቀመሩ ውስጥ እንደ ተጓዳኝ ተለዋዋጭ አስገቡ፤ ከዚያ ሁለቱንም በሎጋሪዝም ቀይራችሁ ድገሙ፤ በሦስተኛ ደግሞ የራስ ቅላቸው ይዘት ተቀራራቢ የሆኑ ወንድና ሴት ልጆችን ብቻ አጣምራችሁ አነጻጽሩ። ሦስቱ ከተስማሙ ውጤቱ የሚታመን ነው።

ለውፍረት ይህን ማስተካከያ እንደ ልማድ አታስገቡ። ደግሞም ያልተስተካከለውን ቁጥር አትደብቁ፤ ትልቅ ራስ መያዝ ራሱ የጾታ ልዩነት ነው፤ አንባቢው ሁለቱንም አይቶ ይፍረድ።

ስሌቱ

በአር የስታቲስቲክስ ቋንቋ ኤምጂሲቪ የሚባለው የፕሮግራም ጥቅል የዕድሜን ኩርባ ቅርጹን ሳትወስኑለት ይስላል። ቀመሩ በቃል እንዲህ ነው፦ ውፍረት ከጾታ፣ ከለስላሳ የዕድሜ ኩርባ፣ ከጾታ ጋር የሚለያይ ተጨማሪ የዕድሜ ኩርባ፣ ከእንቅስቃሴና ከማሽን መለያ ጋር፤ በዘፈቀደ ውጤት (random effect) በኩል ደግሞ ልጁና ቤተሰቡ። ጾታን ቅደም ተከተል ያለው ምድብ አድርጉት፤ ያን ጊዜ ተጨማሪው ኩርባ በቀጥታ የሁለቱን ልዩነት ይፈትናል። ኤቢሲዲ ውስጥ ብዙ መንትዮችና ወንድማማቾች ስላሉ ቤተሰብን መርሳት እርግጠኝነትን ያለ አግባብ ያንረዋል። ዕድሜን በሙሉ ዓመት ሳይሆን በወር ተጠቀሙ። ቀጥታ መስመር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከ11 ዓመት ላይ ዜሮ አስጀምሩት፤ ካልሆነ የጾታ ቁጥሩ የሚነግራችሁ በውልደት ቀን ስላለው፣ ማንም ስላልለካው ልዩነት ነው።

የተለያዩ ማሽኖችን ለማመጣጠን ኮምባት የሚባለው የስሌት ዘዴ ይጠቅማል። ዕድሜና ጾታ እንዲጠበቁ መንገር አትርሱ፤ ካልነገራችሁት ከማሽኑ ልዩነት ጋር አብሮ ይጠርጋቸዋል። ለተደጋጋሚ ምስል የተከታታይ ስሪቱን ተጠቀሙ። 68ቱን ክፍሎች ከፈተናችሁ የሐሰት ግኝት መጠኑን በ5 በመቶ ገድቡ።

በጽሑፎች ውስጥ አሁንም በብዛት የሚታየው ስህተት ወንዶችንና ሴቶችን ለየብቻ ፈትኖ «በሴቶች ጉልህ ነው፣ በወንዶች ጉልህ አይደለም፤ ስለዚህ ይለያያሉ» ማለት ነው። ይህ ውኃ አያነሳም። አንዱ ከመስመሩ በላይ፣ ሌላው ከመስመሩ በታች መሆኑ በመካከላቸው ልዩነት መኖሩን አያሳይም። ልዩነቱን የሚፈትነው መስተጋብሩ ብቻ ነው፤ እሱን አቅርቡ።

ኮምፒውተር ጾታን ከምስል እንዲለይ የምታሠለጥኑ ከሆነ ወንድማማቾችን በማሠልጠኛውና በመፈተኛው አትከፋፍሉ፤ ትክክለኛነቱንም የራስ መጠን ከተመሳሰለ በኋላ እንደገና ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይወርዳል።

ውጤቱን ማቅረብ

የሁለት አማካይ ምሰሶ አትሳሉ። የእያንዳንዱን ልጅ ነጥብና መስመር፣ የሁለቱን ቡድኖች ስርጭት ተደራርቦ አሳዩ። ልዩነቱ 0.2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲሆን ስርጭቶቹ 92 በመቶ ይደራረባሉ፤ 0.5 ሲሆን እንኳ 80 በመቶ። ይህን ቁጥር በማጠቃለያው ክፍል ጻፉት፤ ጋዜጠኛ የሚያነበው እሱን ነውና። በ2015 ከ1,400 በላይ አንጎሎችን የተመለከተ ጥናት አብዛኛው ሰው በአንዳንድ ክፍሎች «የወንድ»፣ በሌሎቹ «የሴት» የሚባለውን ጫፍ ቀላቅሎ እንደሚይዝ አሳይቷል፤ ከአማካይ ተነስቶ ስለ አንድ ልጅ መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ምስል ላይ የታየ ልዩነት ከተፈጥሮ ነው ወይም ከአስተዳደግ ነው ብሎ አይናገርም፤ የ10 ዓመት ልጅ አንጎል የ10 ዓመት ኑሮን አብሮ ይዟል። ከዚህ የተነሣ ስለ ሒሳብ ችሎታ ወይም ስለ ስሜት ያልለካችሁትን አትጻፉ። ትልልቆቹ ስብስቦች በአመዛኙ የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ልጆች ስለሆኑ በእነሱ የተሠራ የእድገት ሰንጠረዥ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ የተነሣን የአንድ ልጅ ምስል ለመመዘን አያገለግልም፤ ምግብ፣ የጉርምስና ዕድሜና የማሽኑ ጥንካሬ ይለያያሉ።

ልዩነት ካልተገኘ «ልዩነት የለም» አትበሉ። ከመጀመሪያው የሚያሳስባችሁን ትንሹን ልዩነት፣ ለምሳሌ 0.1፣ አስመዝግባችሁ ከሆነ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉን አስቀምጡና ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት መወገዱን ወይም አለመወገዱን ጻፉ። ኮዱን፣ የጣላችኋቸውን ምስሎች ብዛትና ምክንያቱን በጾታ ከፍላችሁ ከጽሑፉ ጋር አውጡ።